በወገብ ቦርሳ ዲዝኒ ወርልድ፦ ስኳር ላለበት ሰው ቀለል ያለ የጓዝ አዘገጃጀት

ልጄ ታይፕ 1 የስኳር ሕመም አለባት። የምትጠቀመው ኢንሱሊን የሚሰጣት ፓምፕና ስኳሯን የሚያነብ ሴንሰር ነው። ኦርላንዶ እንሂድ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጭንቀት «አንድ ነገር ቢጎድለንስ?» የሚለው ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ቦርሳውን ያሳብጠዋል። ስድስት ጭማቂ፣ ሙሉ ካርቶን ኢንሱሊን፣ በረዶ፣ ሳንዱች፣ ለሁሉም ሰው የሚበቃ ውኃ ይታጨቅበታል። ያ ቦርሳ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል። የልጅ ጋሪ ላይ ይንጠለጠላል፣ ጋሪው ከመጫወቻው በር ውጪ ይቀራል። ወይ ሎከር ይገባል። ወይ አባትየው ይዞት አይስክሬም ሊገዛ ይሄዳል። ልጅቷ ግን ሰልፉ መሀል ናት፣ ስኳሯ የሚወርደውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ጓዝ የምቀንሰው ትከሻዬን ለማሳረፍ ብቻ አይደለም። ከሰውነት የማይለይ ትንሽ ቦርሳ፣ ጋሪ ላይ ከቀረ ትልቅ ቦርሳ በብዙ ይሻላል። ከታች ያለውን የጻፍኩት ዲዝኒ ወርልድን እያሰብኩ ነው። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚሄዱት እዚያ ስለሆነ። ዘዴው ግን ለሌላ ፓርክም ይሠራል።

1. ዕቃውን ለሦስት ቦታ ክፈሉት

የስኳር ዕቃችሁን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ከዚያ እያንዳንዱን እያነሳችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ሲያስፈልገኝ በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚያስፈልገኝ?

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሰውነት ላይ ይታሰራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ቤተሰቡ የሚጋራው ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ መጠበቅ የሚችለው ሆቴል ይቀራል። ይኸው ነው። ነገር ግን በሐቀኝነት መልሱ፤ «ለማንኛውም ልያዘው» የምትሉት ዕቃ አብዛኛው የሆቴል ዕቃ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ከመነሳታችሁ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። በፓርክ ቀን አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መራመድ የተለመደ ነው። እርምጃ ስኳር ያወርዳል፣ ሙቀትም ኢንሱሊን በፍጥነት ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት መጠኑ ይቀነስ ወይ፣ በስንት? ይህን ከእኔም ከሌላ ወላጅም አትውሰዱ፣ የእናንተን መጠን የሚያውቅ ሰው ይንገራችሁ።

2. ወገብ ላይ የሚታሰረው

ዚፕ ያለው፣ ወገብ ላይ ወይም ደረት ላይ የሚታሰር ቦርሳ። ከሁለት መዳፍ ብዙ ባይበልጥ እመርጣለሁ። የልጄ ውስጥ ያለውን ልዘርዝር።

ግሉኮስ ክኒን አንድ ቱቦ፣ አሥር ፍሬ። አንዱ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ 15 ግራም ገደማ ፈጣን ስኳር መውሰድ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አራት ክኒን 16 ግራም ነው። አንድ ቱቦ ሁለት ጊዜ ያነሳል፣ ሁለት ፍሬም ይተርፋል። ስኳር አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ስለማይነሳ ሁለት ቱቦ ቢሆን የተሻለ ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ጭማቂ አይበልጥም። ክኒኑ የሚያስጠላው ልጅ ካለ ስኪትልስ ጥሩ ነው። አንዱ ፍሬ አንድ ግራም ያህል ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፣ 15 ፍሬ በትንሽ ከረጢት አስራችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

ቸኮሌት አይሁን። ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል፣ በዚያ ላይ ኦርላንዶ ውስጥ ከቦርሳ ሲወጣ ፈሳሽ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ለወረደ ስኳር አይደርሱም፣ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ስኳሩ ከተነሳ በኋላ ምሳ ገና ሩቅ ከሆነ ግን ቆሎ ግሩም ነው።

ግሉካገን፣ ስኳር ክፉኛ ወርዶ ሰው መዋጥ ሲያቅተው የሚሰጠው መድኃኒት። እኛ የምንይዘው ባክሲሚ የሚባለውን በአፍንጫ የሚሰጠውን ነው፤ 3 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ። ራሱን የሳተ ሰው እንኳ መሳብ ሳይጠበቅበት ይሠራለታል። ቱቦውን ቀድማችሁ አትክፈቱ፣ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁም ከታች ያለውን አትጫኑት፤ ያለችው አንዲት መጠን ናት። አብሯችሁ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ የት ኪስ እንዳለና እንዴት እንደሚሰጥ ይወቅ፦ አፍንጫ ውስጥ ማስገባት፣ እስከ መጨረሻው መጫን፣ በጎን ማስተኛት፣ 911 መደወል።

ከዚያ መለኪያው። ሴንሰር ቢኖርም የጣት መለኪያ ይያዝ፤ ከነስትሪፑ (ደም ከሚነካበት ቁራጭ)፣ ከነመውጊያው። ሴንሰሩ ስልክ ላይ ነው የሚያነበው፣ ስልኩ ደግሞ የፓርኩን አፕ፣ ፎቶውንና ካርታውን ተሸክሞ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ያልቃል። ትንሽ ፓወር ባንክ የግድ ነው። የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳን ሁልጊዜ ግጥም ይበል፣ እርጥበት ያበላሸዋል። አይስክሬም ወይ ፍራፍሬ የነካ ጣት የሌለ ስኳር ስለሚያሳይ ከመለካታችሁ በፊት ጣቱን በውኃ ታጠቡ።

በመጨረሻ አንድ የኢንሱሊን ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለው መውጊያ) እና ሦስት አራት መርፌ።

3. ኢንሱሊኑ አንድ ፔን ይበቃል፣ ግን ከሙቀት ጠብቁት

አንድ ፔን ውስጥ 300 ዩኒት አለ። ካርቶኑ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ፔን ይይዛል። ልጄ በአንድ ቀን 300 ዩኒት አትጨርስም፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አይጨርሱም። እና ካርቶኑን ፓርክ ይዞ መግባት ሁሉንም ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። አንዱን ያዙ፣ አራቱ ፍሪጅ ይዋሉ።

ሥራ የጀመረ ፔን፣ እንደ ሂውማሎግ፣ ኖቮሎግ፣ ላንተስ ያለው፣ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላለፈ ያለ ፍሪጅ 28 ቀን ይቆያል። በፋራናይት 86 ነው። የኦርላንዶ የሐምሌ ቀን ግን 32 እና 33 ይደርሳል፣ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ላይ ሰው ወደ በረዶ ይሮጣል። አትሩጡ። የቀዘቀዘ የበረዶ ፓኬት የነካ ኢንሱሊን ሊረጋ ይችላል፣ አንዴ ከረጋ ደግሞ ቢቀልጥም ይጣላል።

የሚሻለው ፍሪዮ የሚባለው ዓይነት ከረጢት ነው። ውስጡ ደቃቅ ፍሬዎች አሉት። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ የእጅ መታጠቢያ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ንከሩት። ፍሬዎቹ ውኃውን ጠጥተው ያብጣሉ፣ ከረጢቱም ጠንከር ይላል። አውጡት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ፔኑን ክተቱበት፣ በቃ። በረዶ የለም፣ ባትሪ የለም። የሚያቀዘቅዘው ውኃው እየተነነ ስለሆነ አየር ይፈልጋል። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ካስቀመጣችሁት አይሠራም። የፍሎሪዳ አየር እርጥበት ስለሚበዛበት እንደ ደረቅ አገር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ከረጢቱን ቦርሳው ፊት ለፊት፣ አየር በሚያገኝ መረብ ኪስ ውስጥ አድርጉትና ጥላ ጥላውን ሂዱ። ባክሲሚም ከ30 ዲግሪ በላይ አይወድም፣ ቦታ ካለ ከፔኑ ጋር ይተኛ።

መኪና ውስጥ ግን አንድም ነገር አትተዉ። ለአሥር ደቂቃም ቢሆን።

ፓምፕ ውስጥ ያለው ኢንሱሊንም ይሞቃል። የሂውማሎግ መመሪያ ፓምፕ ውስጥ ያለውን ከ37 ዲግሪ በላይ አታጋልጡት ይላል። ፓምፑ ከፀሐይ ተሸፍኖ ልብስ ሥር ይዋል። ስኳሩ ያለ ምክንያት ሽቅብ ወጥቶ በፓምፕ የተሰጠው ማስተካከያ አልወርድ ካለው፣ ኢንሱሊኑን ወይም መርፌ የገባበትን ቦታ ጠርጥሩ። ለዚህ ነው ፔኑ የተያዘው፤ በፔን ስጡ፣ ከዚያ ተረጋግታችሁ የፓምፑን ሴት፣ ማለትም ኢንሱሊኑን ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ክፍል፣ ቀይሩ።

4. የጋራው ቦርሳ

ቀላል የጀርባ ቦርሳ፣ አንድ ለመላው ቤተሰብ። አንድ መለዋወጫ የፓምፕ ሴት፣ አንድ ሴንሰር ወይም ቢያንስ የሴንሰር ፕላስተር፣ የኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) መለኪያ ስትሪፕ፣ ሁለት ትንንሽ ጭማቂ፣ ጥቂት ቆሎ ወይ ብስኩት፣ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ የፀሐይ ክሬም፣ ቀጭን የዝናብ ልብስ። ያገለገለ መርፌ የምትከቱበት ክዳኑ ጠንካራ የሆነ ባዶ የክኒን ጠርሙስም ጨምሩ፤ መርፌ ፓርኩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጣል። የሚወጋው ቆሻሻውን የሚሰበስበውን ሠራተኛ ነው።

ስለ ክሬሙ አንድ ነገር። የሚረጭ የፀሐይ መከላከያና የትንኝ መከላከያ የሴንሰሩን ፕላስቲክ ሊጎዱ ይችላሉ። በእጅ የሚቀባውን ተጠቀሙ፣ ሴንሰሩን ዞር ብላችሁ ቀቡ።

5. የማትሸከሙት፣ ፓርኩ ያለው

ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ያሉት ፈጣን ምግብ ቤቶች የበረዶ ውኃ በብርጭቆ በነፃ ይሰጣሉ። መጠየቅ ብቻ ነው፣ ምንም መግዛት አይጠበቅባችሁም። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ግቡና ሙሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፣ ከቦርሳው ክብደት ትልቁ ድርሻ እዚህ ነው የሚቀነሰው።

በአራቱም የዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ፈርስት ኤይድ ሴንተር (የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ) አለ፣ ነርሶች አሉት። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ክሪስታል ፓላስ ምግብ ቤት አጠገብ ነው። ኤፕኮት ውስጥ ኦዲሲ ሕንፃ፣ ሆሊዉድ ስቱዲዮስ ውስጥ መግቢያው ላይ፣ አኒማል ኪንግደም ውስጥ ዲስከቨሪ አይላንድ ላይ። ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ያስቀምጡላችኋል። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ተቀምጣችሁ የፓምፕ ሴት መቀየርም ትችላላችሁ፣ መጸዳጃ ቤት ቆማችሁ ከመታገል ይሻላል። ጠዋት ስትገቡ ቦታውን ካርታው ላይ ፈልጉት፤ ሲያስፈልጋችሁ አትፈልጉትም።

ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል፣ ብርጭቆ ዕቃ ካልሆነ፣ ማሞቅ ካላስፈለገውና ሽታው ካልጠነከረ። ስለዚህ የካርቦሃይድሬቱን ልክ የምታውቁትን ሳንዱች ይዞ መግባት ቆጠራውን ያቀልላል። የተፈታ በረዶና ድራይ አይስ ግን አይገባም። ኦርላንዶ ያለው ሌላው ፓርክ፣ ዩኒቨርሳል፣ የምትሄዱ ከሆነ ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ ትንንሽ መክሰስና ለጤና የሚያስፈልግ ምግብ ይፈቀዳል፣ ጠንካራ የበረዶ ሳጥን አይፈቀድም።

6. አውሮፕላንና በር

ኢንሱሊን የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፣ ዕቃ ክፍሉም ሊበርድ ይችላል። ሁሉም ከእናንተ ጋር ወደ መቀመጫ ይግባ፣ ለጉዞው ከሚያስፈልገው እጥፍ አድርጋችሁ። ለወረደ ስኳር የሚያዝ ጭማቂም ሆነ የማቀዝቀዣ ፓኬት ከተለመደው የፈሳሽ ገደብ በላይ ቢሆን በሕክምና ምክንያት ይፈቀዳል፤ ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው። የሜድትሮኒክና የታንደም ፓምፕ ኤክስሬይ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ እንዲፈተሽ ጠይቁ። ፓርኩ በር ላይም እንደዚያው፦ ቦርሳውን ክፍት አድርጋችሁ ያዙ፣ «የስኳር መድኃኒት ነው» በሉ፣ ሰውነት ላይ ያለውን አሳዩ።

አንድ ነገር ላይ እንዳትሸወዱ። ዲስኤቢሊቲ አክሰስ ሰርቪስ የሚባለውን ሰልፍ የሚያስቀር አገልግሎት ዲዝኒ በ2024 አጥብቦታል፤ በዋናነት እንደ ኦቲዝም ላለ የዕድገት ችግር ሆኗል። ስኳር ብቻውን ያስገኛል ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ። ነገር ግን ሰልፍ ውስጥ እያላችሁ ስኳር ቢወርድና መውጣት ካለባችሁ ለሠራተኛው ንገሩ፣ ወጥቶ ተመልሶ ስለመግባት ይነግሯችኋል። ዝም ብላችሁ አትታገሡ።

7. መጫወቻው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

እኛ ቤት ያለው ደንብ ይህ ነው፦ ወደ ሰልፉ ከመግባታችን በፊት ቁጥሩ ይታያል፣ መጫወቻው ላይ ከመውጣቷ በፊት እንደገና ይታያል። ከ100 በላይ ሆኖ ስኳሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው የሴንሰሩ ቀስት ጋደም ያለ ከሆነ ትወጣለች። ወደ ታች እያመለከተ ከሆነ መጀመሪያ ትበላለች፣ ቀጣዩን ተራ እንጠብቃለን። ከ70 በታች ሆኖ የሚወጣ ሰው የለም።

ሜድትሮኒክና ታንደም በፈጣን መጫወቻዎች ላይ ፓምፑን አውልቁ ይላሉ፤ የስበቱ ጫና አለ፣ አንዳንዶቹም ጠንካራ ማግኔት አላቸው። የምትጠቀሙት ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ በተለይ የማይወልቀው ከሰውነት ጋር የሚለጠፈው ከሆነ፣ መመሪያውን ከቤት ሳትወጡ አንብቡ። የወለቀውን ፓምፕ የማይወጣ ትልቅ ሰው ይያዘው፣ ሲወርዱ ወዲያው ይመለስ። ፓምፑ ከአንድ ሰዓት በላይ ወልቆ ከቆየ ስኳሩ መውጣት ይጀምራል። በሰልፉ ርዝመት እንዳትታለሉ፦ ፓምፑ የሚወልቀው ሰልፍ ሲገቡ ሳይሆን ልትቀመጥ ስትል ነው።

ዩኒቨርሳል ውስጥ እንደ ቬሎሲኮስተር ባሉት ፈጣን መጫወቻዎች ላይ ኪስ ባዶ ተደርጎ በብረት መፈተሻ ይታለፋል፣ ዕቃው ነፃ ሎከር ይገባል። እዚያ መግቢያ ላይ ስለ ፓምፑና ስለ ሴንሰሩ ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ስትወርድ ስኳሯ 220 ቢያሳይ አትደንግጡ። ፍርሃቱና ደስታው የሚለቀው አድሬናሊን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ወዲያው ኢንሱሊን ጭማሪ ሰጥታችሁ ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ከተራመዳችሁ መጨረሻው መውረድ ነው። ጠብቁ፣ እንደገና እዩ። ከ250 በላይ ሆኖ ከቆየ ግን ኪቶን ለኩ።

8. እግር፣ በተለይ ከአገር ቤት ለመጡ እናትና አባት

አዲስ ጫማ ለፓርክ አይገዛም። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል እያለው ሳያውቅ ይውላል። እንደ ካሊ ሪቨር ራፒድስ ያለው የውኃ መጫወቻ ጫማ ድረስ ያርሳል፤ ደረቁ ካልሲ ለዚህ ነው። ፀሐይ ያሞቀው አስፋልትና የመዋኛ ዳርቻ ላይ በባዶ እግር መሄድ የለም።

እናታችሁ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስድ ከሆነ ያለ ኢንሱሊንም ስኳሯ ሊወርድ ይችላል፣ ምሳ ሰዓት እንዳያልፍባት። የጉዞው ጊዜ ፍልሰታ ላይ ከዋለ ነገሩን ከሐኪሟና ከነፍስ አባቷ ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ፓርክ ውስጥ በባዶ ሆድ የሚደረግ ክርክር ለማንም አይበጅም። ኪሷ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ይኑር፦ ስኳር እንዳለባት፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ የእናንተ ስልክ። ለእሷም ለብቻዋ ግሉኮስ ይሰጣት። «ከልጄ ጋ አለ» አያዋጣም፣ ትልቅ ፓርክ ውስጥ መነጣጠል ቀላል ነው።

9. ማታ ሆቴል

የቀን እርምጃ ስኳርን የሚያወርደው ቀን ብቻ አይደለም፣ ሌሊትም ነው። ከመኝታ በፊት ለኩ፣ የሴንሰሩን ማንቂያ ድምፅ ከፍ አድርጉ፣ ሴንሰር ከሌለ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ጊዜ ተነስታችሁ ለኩ። እግርን በደንብ እዩ፣ በጣቶቹ መካከልም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ከበረዶ ክፍሉ ግድግዳ ራቅ ይበል፤ የሆቴል ትንንሽ ፍሪጆች አንዳንዴ ያረጋሉ። ስልክና ፓወር ባንክ ቻርጅ ላይ ይሁኑ። የተበላው ግሉኮስ ይተካ፣ የወገብ ቦርሳው ሞልቶ በሩ አጠገብ ይሰቀል። ለሌሊቱ የሚሆነውን ደግሞ ኮመዲኖው ላይ ለብቻ አስቀምጡ፤ በጨለማ ከወገብ ቦርሳው ከወሰዳችሁ ጠዋት ጎድሎ ይዛችሁት ትወጣላችሁ።